ፈዋሹ መሣሪያ ሲያረጅ ማንን ያሳምማል?

በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ ቲያሮይ ሱር ሜር የሚባል መንደር አለ። የመንደሩ ድሆች ያገለገሉ የመኪና ባትሪዎችን እየሰበሩ፣ በውስጣቸው ያለውን እርሳስ እየሸጡ ለብዙ ዓመታት ሲተዳደሩ ኖረዋል። የእርሳስ ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ ሲያሻቅብ ግን ባትሪ ሲሰበርበት የኖረው አፈር ራሱ ተፈላጊ ሸቀጥ ሆነ። እናቶች አፈሩን በጆንያ እየዛቁ ወደየቤታቸው ወሰዱ፤ በወንፊት እየነፉም የእርሳሱን ፍርፋሪ መልቀም ያዙ። ሕፃናቱም ከአጠገባቸው፣ በአቧራው መካከል ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2007 እስከ ማርች 2008 ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት በላይ በላዩ ሞቱ። የሟቾቹ ወንድሞች፣ እህቶችና እናቶች ደም ሲመረመር እጅግ ከፍተኛ የሆነ የእርሳስ መጠን ተገኘበት።

ውድ አንባቢያን! ይህን አሳዛኝ ታሪክ የማነሣው ስለ መኪና ባትሪ ለመጻፍ አይደለም። የመብራት መስመር ያልደረሰበት ጤና ኬላ በፀሐይ ኃይል እንዲሠራ ሲደረግ፣ የጤና ጣቢያው ኮምፒዩተር መብራት በጠፋ ቁጥር እንዳይቋረጥ ሲታሰብ፣ ከግድግዳው ሥር የሚደረደረው ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከዚያው ከእርሳስና ከአሲድ የተሠራው ዓይነት ነው። ዕድሜውም የጥቂት ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ጠይቄ ነበር። ግልጽ መልስ የሰጠኝ ሰው አላገኘሁም።

ጥያቄው የባለሙያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመሐንዲሶች በተውነው ነበር። ነገር ግን ከቴክኒኩ ሥር የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። አንድን ሕፃን ለማዳን የተተከለ መሣሪያ ዕድሜውን ጨርሶ ሲጣል ሌላውን ሕፃን የሚመርዝ ከሆነ ያ ሥራ በየትኛው ሚዛን ይመዘናል? የዳነው ሕፃንና የተመረዘው ሕፃን በአንድ መንደር የሚኖሩ አይደሉም። አይተዋወቁም። መሣሪያውን የገዛው ሰው ከሁለቱ አንዱንም አያውቅም።

በቅድሚያ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። የጤና አገልግሎት በኮምፒዩተር መታገዙን ከቅንጦት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ተሰልፎ «ካርድዎ ጠፍቷል፣ አዲስ ያውጡ» የተባለ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በካርዱ ላይ የነበረው የደም ግፊቱ ታሪክ፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ ቀደም ሲል የተደረገለት ምርመራ ሁሉ አብሮ ጠፍቷል። አገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን ሠራተኞቹ ለብዙ ዓመታት የየቤተሰቡን መረጃ በወረቀት ማኅደር ሲይዙ ቆይተዋል። በኋላም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና ከሰማንያ በማያንሱ አገሮች አገልግሎት ላይ የዋለው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 የተባለው ነፃ ሶፍትዌር እኛም ጋ ገብቶ ከየጤና ጣቢያው የሚመጣውን ሪፖርት የሚሰበስብ ሆነ። በየወሩ በወረቀት ተደምሮ በመኪና ይጓዝ የነበረ ቁጥር አሁን በሰዓታት ይደርሳል። የኩፍኝ ወረርሽኝ በሚነሣበት ጊዜ የሳምንታት ልዩነት የነፍስ ልዩነት ነው።

በአካባቢ ንጽሕና በኩልም ቢሆን አዲሱ ከአሮጌው የሚሻልበት ቦታ አለ። የድሮው የራጅ ፊልም ብር የተቀባ ነበር፤ የሚታጠበውም በኬሚካል ነው። ያ የታጠበበት ውሃ በብዙ ቦታ በቀጥታ ወደ ቱቦ ይለቀቅ ነበር። በኮምፒዩተር የሚሠራው ራጅ ይህን ሁሉ አስቀርቷል። የሙቀት መለኪያውም እንዲሁ ነው። በብርጭቆው ውስጥ የነበረው ሜርኩሪ ሲሰበር ወለል ላይ እየተንከባለለ የምንጫወትበት መርዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በሜርኩሪ የሚሠሩ የሙቀትና የደም ግፊት መለኪያዎች መመረትና ንግድ ከ2020 በኋላ እንዲቀር ወስኗል። እንግዲህ «አዲሱ ሁሉ ጎጂ፣ አሮጌው ሁሉ ንጹሕ» የሚለው አባባል ውድቅ ነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ነገሩ ረቂቅ መስሎ መታየቱ ያታልለናል። መረጃው «ደመና ላይ ነው» ይሉናል። ስሙን ያወጣው ሰው ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም! ደመና የተባለው በኮምፒዩተር የተሞላ፣ ሌት ተቀን ኤሌክትሪክ የሚበላና ያለማቋረጥ መቀዝቀዝ የሚፈልግ አዳራሽ ነው። የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ ባወጣው ግምት መሠረት እነዚህ አዳራሾች እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 415 ቴራዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ወስደዋል፤ ይህም ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1.5 በመቶ ያህል ነው። በ2030 ከእጥፍ በላይ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። እርግጥ የሐኪም ቤት መረጃ ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ አብዛኛው ለሌላ ጉዳይ የሚውል ነው። ቢሆንም የጤናው ዘርፍ ራሱ ቀላል ብክለት አያስከትልም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዞች 4.4 በመቶ የሚሆነው ከጤና አገልግሎት ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። ሰውን ለማከም የቆመ ዘርፍ መሆኑን ስናስብ ቁጥሩ ሊያስደነግጠን ይገባል።

በእኛ አገር ሁኔታ ግን ዋናው ጉዳይ ጭሱ አይመስለኝም። ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ይህንኑ ያጠናክራል። ስለዚህ ስለ ጭስ ብቻ የሚጽፉ የአውሮፓ ጸሐፊዎችን ቃል እንዳለ ገልብጦ ማቅረብ አያዋጣም። የእኛ ጉዳይ ዕቃው ነው፤ የኮምፒዩተሩ፣ የታብሌቱ፣ የባትሪው አካል። እንዲህ ያለው መሣሪያ በአካባቢ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ትልቁን ድርሻ የሚያደርሰው ገና ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራና ማዕድኑ ሲቆፈር ነው። ለባትሪ ከሚያስፈልገው የዓለም ኮባልት ከግማሽ እጅግ የሚበልጠው የሚወጣው ከኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፑብሊክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ሪፖርት በዚያ ሕፃናት በእጃቸው ሲቆፍሩ መገኘታቸውን አጋልጧል። ጭሱን ሌላው ዘንድ አጭሶ የመጣልን ዕቃ፣ መርዙን ደግሞ እኛው ዘንድ ይተዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸውና። ንብረት ክፍሉን ያሳዩኝ አንድ አዛውንት ሠራተኛ ነበሩ። እስከ ጣሪያው ድረስ የተቆለሉ ሞኒተሮች፣ ስክሪናቸው የተሰነጠቀ ታብሌቶች፣ ሆዳቸው ያበጠ ባትሪዎች፣ ከካርቶናቸው ሳይወጡ ቀለማቸው የደረቀባቸው ፕሪንተሮች አየሁ። «ለምን አይወገዱም?» አልኳቸው። «ቋሚ ንብረት ናቸው፤ መዝገብ ላይ አሉ። ኮሚቴ ካልተቋቋመ ማን ይነካቸዋል?» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ወንድሜ፣ እነዚህ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቀባሪ ነው ያልተሰየመላቸው» አሉ። ስለዚህ ርእስ ካነበብኩት ሁሉ የእኚህን አዛውንት ቃል የሚያክል አላገኘሁም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። ይህን ጉዳይ በማነሣበት ጊዜ ሁሉ የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፤ «እኛ ድሆች ነን፤ እናት በወሊድ በምትሞትበት አገር ስለ አሮጌ ባትሪ ማሰብ የጠገበ ሰው ጭንቀት ነው» የሚል። ይህ መልስ ቀላል አይደለም፤ በንቀትም የሚታለፍ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ባወጣው ሪፖርት በድሃና በዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ አገሮች የሚገኝ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚታከመው አስተማማኝ ኤሌክትሪክ በሌላቸው ወይም ጭራሹኑ ኤሌክትሪክ በሌላቸው ተቋማት ነው። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች የግማሽ ያህሉ የጤና ተቋማት መብራት አስተማማኝ አይደለም። በእጅ ባትሪ ብርሃን ለምታዋልድ ነርስ ሶላሩና ባትሪው በረከት ናቸው። ይህችን ነርስ «አካባቢ ትበክያለሽና ይቅርብሽ» የሚላት ሰው፣ በተለይም ቤቱ በየክፍሉ መብራት የሚበራለት ሰው፣ እፍረት ሊሰማው ይገባል።

ነገር ግን ይህ መልስ ባትሪው እንዲገባ ይፈቅዳል እንጂ እንደ ልብ እንዲጣል አይፈቅድም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፊቅህ ሊቃውንት ደሩራ፣ ማለትም አስገዳጅ ችግር፣ የተከለከለውን ሊያስፈቅድ እንደሚችል ሲያስተምሩ፣ ፈቃዱ በችግሩ ልክ ብቻ እንደሚሰፈርም አብረው ያስተምራሉ። በበረሃ የተራበ ሰው የሚፈቀድለት ነፍሱን የሚያቆይበት ያህል ነው፤ ከዚያ አልፎ ስንቅ መሰነቅ ሌላ ጥያቄ ነው። የነርሷ ችግር ብርሃንና የሥራ መሣሪያ ነው። አሮጌውን ባትሪ ሜዳ ላይ መጣል ለነርሷም ሆነ ለወላዷ የሚጨምርላት አንዳች ነገር የለም። ስለዚህ «ድህነት» የሚለው ምክንያት መሣሪያውን ይሸፍነዋል፤ መጣሉን ግን አይሸፍነውም። እነዚሁ ሊቃውንት ጉዳት በአቻው ጉዳት እንደማይወገድም ይናገራሉ። የአንዱን ልጅ ሕመም ወደ ሌላው ልጅ ማዛወር ሕክምና አይባልም።

«ድርሻችን ትንሽ ነው» የሚለውም እንዲሁ በቁጥር ሲታይ እውነት ይመስላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ሪፖርት መሠረት ዓለም በ2022 ያወጣው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ነበር። በአውሮፓ ለአንድ ሰው 17.6 ኪሎ ሲደርስ በአፍሪካ 2.5 ኪሎ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ነፃ የወጣን ይመስላል። ነገር ግን የሚቀጥለውን መስመር እናንብብ። አውሮፓ ከዚህ ቆሻሻ 42.8 በመቶውን በሥርዓት ሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ ሲያውል፣ በአፍሪካ ይህ የሚደረግለት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። የመርዝ ጉዳት የሚለካው በሚዛን ብቻ አይደለም፤ የት እንደ ወደቀና በማን ላይ እንደ ወደቀ ጭምር ነው። ጥቂቱ የእኛ መርዝ የሚወድቀው ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ነው። የእርሳስ መርዝ ደግሞ ለሕፃን አንጎል «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠን እንደሌለው የዓለም ጤና ድርጅት ያስታውቃል።

ሌላው መከላከያ «አስበንበት አይደለም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ለጤና ጣቢያ ታብሌት የሰጠ ድርጅት በጎ ነገር አስቦ ነው፤ የተቀበለው ኃላፊም እንዲሁ። ኒያ፣ ማለትም የልብ ሐሳብ፣ በእኛ ዘንድ የሥራ ሁሉ መሠረት መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ሸሪዓው በዚህ ነጥብ ላይ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ልብ እንበል። በስሕተት ነፍስ ያጠፋ ሰው ሆን ብሎ የገደለው ሰው ወንጀል የለበትም፤ የደም ካሣው ግን አይቀርለትም። የሰው ንብረት ሳያስበው ያጠፋም ይተካል። መልካም ሐሳብ ከኃጢአት ነፃ ያወጣል እንጂ ከዕዳ ነፃ አያወጣም። ጉዳቱ በደረሰበት ሰው በኩል ሲታይ የጎዳው ሰው ልብ ውስጥ የነበረው ነገር ቁስሉን አይቀንስለትም።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህ ነገር ወግ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አድርጋለች። በሞምባሳ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለው የድሆች ሠፈር አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ ነበር። ነዋሪዎቹ ታመሙ፤ ልጆቻቸው ታመሙ። ፊሊስ ኦሚዶ የተባለች፣ የራሷ ሕፃን በእርሳስ የተመረዘባት ሴት ተነሥታ ለዓመታት ታገለች፤ በ2015 የጎልድማን ሽልማት ተሰጣት። ፍርድ ቤትም በ2020 ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፈል ወሰነ። በይግባኝ ከተሻረ በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 መጨረሻ መልሶ አጸናው። ከተጠያቂዎቹ መካከል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ነበሩ፤ ባትሪውን እነርሱ አላቀለጡም፤ ነገር ግን ሊከለክሉ ሲገባቸው አልከለከሉም።

ስለ ልገሳም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ያደጉት አገሮች ያረጁ ኮምፒዩተሮቻቸውንና የሕክምና መሣሪያዎቻቸውን «ለአፍሪካ ሐኪም ቤት» ብለው ይልካሉ። አንዳንዱ በእርግጥ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ግን በድሃ አገሮች ከሚገኙ የሕክምና መሣሪያዎች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት የማይሠሩ ሆነው እንዳገኛቸው ገልጿል። መለዋወጫ የለም፣ ባለሙያ የለም፣ የኤሌክትሪኩ ኃይል አይመጥንም። የባዝል ስምምነት በ1989፣ አፍሪካውያን ራሳቸው ያወጡት የባማኮ ስምምነት ደግሞ በ1991 የተፈረሙት መርዛማ ቆሻሻ ከሀብታም ወደ ድሃ እንዳይጓጓዝ ነበር። ነገር ግን ቆሻሻው «ዕርዳታ» የሚል ልብስ ለብሶ ሲመጣ በር ላይ የሚያስቆመው የለም። ሰጪው ለራሱ ቢሰጠው የማይቀበለውን ዕቃ ሰጥቶ ምንዳ መጠበቁ የሚያስገርም ነው። ይህን የምለው ስለ ፈረንጅ ብቻ አይደለም። ውጭ የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶቻችን፣ በአረብ አገርም ይሁን በአሜሪካ፣ ለትውልድ መንደራቸው ክሊኒክ አሮጌ ላፕቶፕ በኮንቴይነር ሲልኩ ከልብ በመነጨ ስሜት ነው። ከላፕቶፑ ጋር የአንድ ባለሙያ የጥገና ወጪ ቢላክ ግን ላፕቶፖቹ በቁጥር ግማሽ ቢሆኑ እንኳ ሥራው እጥፍ ይሆን ነበር።

የእነዚህ መሣሪያዎች ዕድሜ የሚያጥረው ሁልጊዜ በመበላሸት አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ የተወሰነ የደኅንነት ቺፕ የሌለውን ኮምፒዩተር አይቀበልም። እንግዲህ ትናንት ደህና ሲሠራ የነበረ፣ አንድ ብሎን ያልላላበት የሐኪም ቤት ኮምፒዩተር በአንድ ቀን «አሮጌ» ይባላል። የበሽተኛ ምሥጢር ያለበትን ማሽን ያለ ጥበቃ መተው አደገኛ ስለሆነ ሐኪም ቤቱ የግድ አንድ ነገር ማድረግ አለበት። እንደ ሊኑክስ ያለ ነፃ ሶፍትዌር ጭኖ ብዙ ዓመት ማሠራት ይቻላል፤ የጤና ሪፖርት ማሰባሰቢያውም በተራ የኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈት ነው። ይህን የሚያውቅና የሚያደርግ ሰው በየወረዳው አለ ወይ? ጉዳዩ እዚህ ላይ ሲደርስ ከዕቃ ወደ ሰው ይዞራል።

በእስልምና ታሪክ ውስጥ በዚህ በኩል የሚያስተምር ሥርዓት ነበር። ሱልጣን አል-መንሱር ቃላዉን እ.ኤ.አ. በ1284 እና 1285 በካይሮ ያሠሩት ቢማሪስታን፣ ማለትም ሐኪም ቤት፣ ሀብታም ደሃ ሳይለይ ያክም ነበር። የሚተዳደረውም በወቅፍ፣ ለዚሁ ተብሎ ከተለዩ ንብረቶች በሚገኝ ገቢ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ሕንፃው አይደለም። የሚያስደንቀኝ የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ስለ ወቅፍ ገቢ ያስቀመጡት ደንብ ነው። ከገቢው ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወጣው ለንብረቱ ጥገና የሚውለው ነው። ወቅፍ አድራጊው ይህን በሰነዱ ላይ ባይጽፈው እንኳ እንደ ተጻፈ ይቆጠራል። ከተጠቃሚው በፊት ጥገናው ይቀድማል ማለት ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ ተጠቃሚው ሙሉውን ከበላ ነገ ለሚመጣው ተጠቃሚ የሚተርፍ አይኖርም። ያልተወለደ በሽተኛ ከሕያው በሽተኛ ጋር እኩል መብት ተሰጥቶታል።

የዛሬውን የጤና ፕሮጀክት ሰነድ አንሥተን ከዚህ ጋር እናስተያየው። የመግዣ በጀት አለ፤ የሥልጠና በጀት አለ፤ የምርቃት በዓል በጀት እንኳ አለ። አራተኛው ዓመት ላይ ባትሪው ሲደክም የሚተካበት፣ ስድስተኛው ዓመት ላይ ዕቃው የሚወገድበት በጀት ግን የለም። ፕሮጀክቱ በሦስት ዓመት ስለሚያልቅ አራተኛው ዓመት የማንም አይደለም። ሪባን የሚቆርጥ ባለ ሥልጣን ሞልቷል፤ አሮጌ ባትሪ ሲሰበሰብ ተገኝቶ ፎቶግራፍ የተነሣ ባለ ሥልጣን እስካሁን አላየሁም።

ታዲያ የማንም ያልሆነውን አራተኛ ዓመት የሚሸከመው ማን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ መልሱ በየሠፈሩ እየተጣራ የሚያልፈው ቆራሌው ነው፤ ከእርሱም በኋላ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ውስጥ መዶሻ ይዞ የሚጠብቀው ልጅ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት ሥራ ክቡር ነው። የከተማው ቆሻሻ ብዙው መልሶ አገልግሎት ላይ የሚውለው በእነርሱ ላብ ነው። ነገር ግን መዳቡን ለማግኘት ሽቦውን የሚያቃጥለው፣ አሲዱን ቦይ ውስጥ የሚደፋው ጓንትም ጭምብልም ሳይኖረው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ቆሻሻ ማቀነባበርን በሚጨምረው መደበኛ ባልሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትና ታዳጊዎች ተሰማርተው እንደሚገኙ ገልጿል። በከተማችን ዳርቻ በቆሼ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲቀብር የሞቱት በአብዛኛው ከእኛ ቆሻሻ አጠገብ ከመኖር ሌላ ምርጫ ያልነበራቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ሁላችንም አለቀስን። ቆሻሻው የማን እንደ ነበረ ግን ብዙ አልተጠያየቅንም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝ ደንብ አውጥቷል። በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለ፤ ይህም ከጉዳያችን የራቀ አይደለም። ከክሊኒክ የወጣ ሐርድ ዲስክ በቆራሌው ጆንያ ውስጥ ሲገባ አብሮት የሚገባው የሰው ገመና ነው። የበሽተኛ ምሥጢር አማና ነው፤ ዕቃው በኪሎ ተሸጠ ብሎ አማናው አብሮ አይሸጥም።

ሊቃውንት ፈርዱል ኪፋያ የሚሉት ግዴታ አለ። ሬሳን ማጠብና መቅበር የዚህ ምሳሌ ነው። ከማኅበረሰቡ ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን የሚያውቅና የሚችል ሁሉ ይጠየቅበታል። የእነዚያ አዛውንት «ቀባሪ ያልተሰየመላቸው» ኮምፒዩተሮች ነገር የሚገባው በዚህ ሥር ይመስለኛል። በዘመናችን ኃላፊነት እንደ ዱቄት ተበትኗል። ለጋሹ «ለመንግሥት አስረክቤያለሁ» ይላል፤ መንግሥት «ለጤና ጣቢያው አከፋፍያለሁ» ይላል፤ ጤና ጣቢያው «ኮሚቴ አልመጣም» ይላል፤ አቅራቢው «ሸጬ ጨርሻለሁ» ይላል። እያንዳንዱ ብቻውን ሲጠየቅ እውነቱን ነው። የግለሰብ ጥፋት ብቻ የሚያውቅ ሥነ ምግባር እዚህ ላይ እጁን ያጥፋል፤ ምክንያቱም ጣት የሚቀሰርበት አንድ ሰው አያገኝም። ፈርዱል ኪፋያ ግን ጥያቄውን ገልብጦ ይጠይቃል፤ «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ማን ሊያደርገው ይችል ነበር?» ብሎ። የመጀመሪያው ጥያቄ ማንንም አያገኝም። ሁለተኛው ብዙ ሰው ያገኛል፣ እኔንም ጭምር።

ጉዳቱ የማይቀር ዕጣ እንዳልሆነም አንድ ማስረጃ ላቅርብ። በገጠር ክትባት የሚቀመጥባቸው ማቀዝቀዣዎች በፊት በነጭ ጋዝ ይሠሩ ነበር፤ ኋላ በሶላርና በባትሪ ሆኑ፤ ባትሪው ግን በጥቂት ዓመታት እየሞተ ማቀዝቀዣውን ይዞት ይሄድ ነበር። ከዚያም መሐንዲሶች አንድ ቀላል ነገር አሰቡ። የፀሐይን ኃይል በባትሪ ከማጠራቀም ይልቅ ቀን ቀን በቀጥታ በረዶ እንዲሠራ አደረጉ። ሌሊትና ደመናማ ቀን ሲሆን ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው ያ በረዶ ነው። ለማቀዝቀዣነቱ የእርሳስ ባትሪ አያስፈልገውም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም መስፈርቱን ያሟሉትን ይመዘግባል። ይህ የተገኘው ብርቅ ማዕድን ስለ ተቆፈረ አይደለም። «ይህ ባትሪ ሲሞት ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ዕቃው ከመሠራቱ በፊት ስለ ታሰበበት ነው።

ይህንኑ ጥያቄ መጠየቅ ሥልጣን አይፈልግም። ከአንባቢዎቻችን መካከል የክሊኒክ፣ የላቦራቶሪና የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች ጥቂት አይደሉም። አንድ የማውቃቸው ሐኪም ለክሊኒካቸው የኮምፒዩተር ራጅና መጠባበቂያ ባትሪ ሲገዙ፣ «ባትሪው ሲያልቅ አንተው ትወስደዋለህ፤ ውሉ ላይ ይጻፍ» አሉት አቅራቢውን። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቆ እንደማያውቅ ተናገረ። ሐኪሙ ግን ክፍያውን ይዘው ቁጭ አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ በታይፕ በተጻፈው ውል ግርጌ በእስክሪፕቶ አንድ መስመር ተጨመረና ሁለቱም ፈረሙበት። የባትሪው ዕድሜ ሦስት ዓመት ነው ተብሏል። ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ሲያልቅ ሄጄ ለማየት ቀጠሮ ይዣለሁ።